ቁጥር አራት

ከሰኞ ገበያ ቁልቁል፣ ከልብስ ሰፊው ጀርባ፣
አምስት ኮምፒውተር አለኝ፤
አራተኛው የጦይባ።
የሷ አይደለም በወረቀት፤ በሰዓት ነው የምትከፍል፣
ግን ወንበሩ ለምዷት ነበር፣ ቁልፉም ጣቷን ሲቀበል።

ጦሳ በጉም ተጠቅልሎ፣ ሰው መንገዱን ሲያቦካ፣
ደብተሯን በፌስታል ሸፍና
ትገባለች በአሥር ሰዓት፣ ዝናቡን ከሻርፗ አራግፋ፣ ማውሱን ቶሎ ልትነካ።

መቼም ያ የትምህርት ገጽ፣ ገና ሲከፈት ጠያቂ ነው፤
"ኩኪ ይቀበላሉ?" አላት።
"ጋሽ አራጋው፣ ይኼ ምንድን ነው?"
"ብስኩት ማለት ነው" አልኳት፤ "ብቻ አይበላም፤ ይበላል።
የት ላይ እንዳቆምሽ ያውቃል፣ ስንቴ እንደሳትሽ ይቆጥራል፤
ሞል ስታሰዪ ፈዘሽ፣ ሩብ ሰዓት እንደቆየሽ፣
ለማያውቅሽ ሰው ይነግራል።"
ሳቀች፤ "እትየ ሎሚ ነዋ፣ ጎረቤታችን እንደሷ፤
ማን ገባ ማን ወጣ እያለች፣ ከመስኮት የማይጠፋ ራሷ።
አልቀበልም ብልስ?"
"ትምህርቱ አይከፈትማ።"
"እንዲህ ከሆነማ
ጥያቄ አይደለም ይኼ" አለች።
ተጫነችው።

እሷ ከወጣች በኋላ፣ መስታወቱን ስወለውል፣
በገጹ ዳርና ዳር ማስታወቂያ ይደረደራል።
መጀመሪያ ካልኩሌተር፤ ደግ። ቀጥሎ እስክሪብቶ፣ ቦርሳ፤
በሳምንቱ ትልቅ ሻንጣ፤
ከሻንጣው ቀጥሎ ትኬት፤
ከትኬቱ ቀጥሎ "ጅዳ፤ የቤት ሥራ፤ ፓስፖርት ላላት፣ ቶሎ ለምትነሳ።"

እናቷ ምንም ሳትሰማ፣ ወንድሟ ሳይጠረጥር፣
ኬሚስትሪ የሚያስተምር ገጽ ስንቅ ቋጥሮ ሲሸኛት አየሁ።
እኔም ዝም አልኩ፤ ምን ልናገር?
የሰው ጓዳ ነው ብዬ።
ፈርቼም ሊሆን ይችላል። እስከ ዛሬ አልለየሁ።

ነሐሴ ላይ ቀረች።

እንድሪስ በሷ ቦታ ተቀመጠ፤ ጮኸ ወዲያው፣
"ጋሼ፣ 'ጦይባ እንኳን ደህና መጣሽ' ይለኛል፣ ኧረ አጥፋው!"
"ትቀጥያለሽ?" ይለዋል፣ ጢም ያበቀለውን ጎረምሳ፤
ዘጠነኛው ትምህርት ላይ ቆሞ፣ ልጅቱን ያልረሳ።
አላጠፋሁትም።
ትምህርት ቤቷ ስሟን ከመዝገቡ ፍቆ፣
ወንበሯን ለሌላ ሰጥቶ፣ ሰፈሩም መቅረቷን አውቆ፣
ይህ ቆርቆሮ ብቻ ቀረ፣ ስሟን በጉሮሮው ሰንቆ።

እትየ ከድጃ መጣች፤ የሽንኩርት ልጣጭ በቀሚሷ፣
"እንዲያው እዚህ ስትውል፣ ምን ነበር የምታይ እሷ?"
"ትምህርት" አልኳት። ውሸት አይደለም። ሙሉ እውነትም አይደለም።
በስልክ "ደርሻለሁ" ካለች ወዲህ፣ ሌላ ድምፅ የለም።

የጥቅምት ውርጭ ሲቆነጥጥ፣ አንድ ማታ ለመዝጋት ሳልፍ፣
አራተኛው ላይ ዘጠኝ የለም።
አሥራ አንድ ይላል።
ዓይኔን አሸሁ፤ ደግሜ አየሁ። ከማን ስልክ፣ ከየትኛው ወጥ ቤት ደጃፍ፣
ከየትኛው እንቅልፍ ተሰርቆ፣
ሞሉን አልፋው ኖሯል?

"አብሽሪ እትየ ከድጃ" አልኳት፣ ማለዳ ሮጬ ገበያ፤
"ልጅሽ አሥራ አንድ ደርሳለች!"
ሚዛኗን አኖረችና፣
"አሥራ አንድ የት አገር ነው? ከጅዳ ወዲህ ነው ወዲያ?"
እንዴት ብዬ ላስረዳት? "ወደፊት ነው" አልኳት፤ አመነች።
ሁለት ኪሎ ሽንኩርት መዝና፣
ገንዘቡን አልቀበልም አለች።

ዛሬ ማታ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ አራተኛው ፊት ቁጭ አልኩ።
ልጅቱ በሌሊት ስታነብ፣ ስትሳሳት፣ ስታዛጋ፣
በቀዳዳ እያየሁ፣ እኔው እትየ ሎሚን ሆንኩ።
ደግሞ ባጠፋው፣
ነገ እናቷ አሥራ ሁለት ገባች ወይ ብላ ስትመጣ፣ ምን ልላት ነው?

ኩኪውን ላጥፋ ብል፣
"እርግጠኛ ነዎት?" አለኝ።

ይኼኛውስ ጥያቄ ነው።